ነጩ ኳስ ስሜን አያውቅም

ጥቅምት 14

ይድረስ ለወንድሜ ለኢንጂነሩ፤

ለአንተም ለባለቤትህም ቤት የሚሞላ ሰላምታ ልኬአለሁ። መልስ ስላዘገየሁ ይቅር በለኝ። ጥያቄህ አጭር ስለነበረ በአጭሩ ልመልስ ብዬ ጀምሬ ቀደድኩት፤ ደግሜ ጀምሬ ደግሜ ቀደድኩት። ዕድሜዋን ሙሉ ረጅም ልብ ወለድ ስትጽፍ የኖረች ሴት አጭር ነገር አይሆንላትም።

አዎ፣ ጋዜጣው የጻፈው እውነት ነው። ቢሊያርድ እጫወታለሁ። «ታዋቂዋ ደራሲ በእርጅናዋ» የሚለው ግን የራሳቸው ጭማሪ ነው። ሰባ የሞላኝ ባለፈው ወር ነው፤ እርጅናውን ገና አልጀመርኩትም።

ከሌላ ሰው ተጣሞ ከምትሰማው እኔው ልንገርህ። ከአሳታሚው ቢሮ ወጥቼ ወደ ቤት ስሄድ ዝናብ ያዘኝ። መጽሐፉ ለምን እንደዘገየ ሳስረዳ ቆይቼ ጉሮሮዬ ደርቋል። አንድ ሕንፃ ሥር ተጠለልኩ። ከኋላዬ ወደ ምድር ቤት የሚወርድ ደረጃ አለ፤ ከታች ኳስ ከኳስ ሲጋጭ ይሰማል። ቀጭን፣ ጥርት ያለ ድምፅ ነው። እስኪያባራ ብዬ ወረድኩ።

ሰፊ ክፍል ነው። አረንጓዴ ጨርቅ የለበሱ ጠረጴዛዎች፣ በእያንዳንዳቸው ላይ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ መብራት፣ ግድግዳው ጥግ የእንጨት አግዳሚ። አንድ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪምና አንድ ፀጉር አስተካካይ እየተጫወቱ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ቀና ብሎ «እማማ፣ ሰው ፈልገው ነው?» አለኝ።

«አይ፣ ዝናብ ሸሽቼ ነው።»

«እንግዲያው ቆመው ከሚደክሙ ይሞክሩት» ብሎ የኳስ መምቻ ዱላውን ሰጠኝ።

ጎንበስ ብዬ መታሁ። ነጩን ኳስ ሳትኩት። ዱላው አየሩን ቀዝፎ አለፈ፣ እኔም ተከትዬው በሆዴ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋሁ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። የጥርስ ሐኪሙ ግን አልሳቀም። «አይደለም» አለኝ፤ «ክንድዎን እንጂ ትከሻዎን አያንቀሳቅሱ። እንደገና።»

ወንድሜ፣ እኔ «አይደለም» ከተባልኩ ስንት ዘመኔ ነው? ምን ብጽፍ «ግሩም ነው» ነው የሚሉኝ። እዚያ ማን እንደሆንኩ የሚያውቅ አልነበረም። ቢያውቁም ነጩ ኳስ ስሜን አያውቅም። በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ አልቀረሁም።

እህትህ

ኅዳር 2

ለእታለም፤

ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት። በሆድሽ የተዘረጋሽበት ቦታ ላይ ስደርስ ባለቤቴ «ድገመው» አለችኝ፣ ደገምኩት። ሰላምታዋ ይድረስሽ። ትንሽ ደከም ብሏታል እንጂ ደህና ናት።

እኔ ግን ስቄ ብቻ አለፍኩት ማለት አልችልም። አሳታሚሽ ደውሎልኛል። ሰውየው ጨዋ ነው፣ አፉን በማር ለውሶ ነው የሚናገረው፤ ነገሩ ግን ያው ነው፦ የልብ ወለድሽ ሦስተኛው ቅጽ የት ደረሰ? «እህትዎ ከእርስዎ በቀር የማንንም ምክር አይሰሙም» አለኝ። የእኔንም እንደማትሰሚ አልነገርኩትም፤ ክብሬን ልጠብቅ ብዬ።

ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። ዕድሜ ልክሽን በእጅሽ ነው የምትጽፊልኝ። ያንን ወደ ግራ ዘመም የሚል ጽሕፈትሽን ሳይ፣ ገና ሳላነበው ድምፅሽ ይሰማኛል። አሁን ለምን በታይፕ ሆነ? ሁለተኛ፣ ይህ ጨዋታ እስከ መቼ ነው? ዝናቡ ካባራ ቆየ እኮ።

መጥቼ ባይሽ ደስ ባለኝ። ለጊዜው ከቤት የማያስወጣኝ ጉዳይ አለ፤ ሌላ ጊዜ አስረዳሻለሁ። በዚህ እንዳትቀየሚኝ።

ወንድምሽ

ኅዳር 21

ወንድሜ፤

ባለቤትህ «ድገመው» ካለች፣ ለእሷ ስል ገና ደጋግሜ እዘረጋለሁ። «ደከም ብሏታል» ያልከው ግን አልተዋጠልኝም። ድካም ስም አለው። በሚቀጥለው ስሙን ጻፍልኝ።

ስለ ታይፑ፣ መሣሪያው ተገዝቶ አቧራ ሲጠጣ አሳዘነኝ። ይኸው ነው።

እስከ መቼ ላልከው ደግሞ መልሱ እስክችል ድረስ ነው። ምሳዬን በልቼ እወርዳለሁ፣ ሲመሽ እወጣለሁ። የሚያስተምረኝ የጥርስ ሐኪሙ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ አፉን ከፍቶ ዝም ብሎ የሚቀመጥለት ሰው አጥቷል መሰለኝ፣ እኔን አግኝቶ ተወጣብኝ። ለረጅም ጊዜ ኳስ በኳስ እንድመታ እንኳን አልፈቀደልኝም። ነጩን ብቻውን እመታለሁ፤ ከወዲያኛው ጠርዝ ነጥሮ ተመልሶ የዱላዬን ጫፍ መንካት አለበት። ቀላል ይመስላል። ቀጥ ተደርጎ ካልተመታ ግን ቀጥ ብሎ አይመለስም፣ ሰበብም አይሰማም። አንተ ድልድይ ስትሠራ የኖርክ ሰው ነህና ይገባሃል። ድልድይ አሳምረህ ስላወራህለት አይቆምም። እኔ ግን የኖርኩት በማሳመር ነው።

እዚያ ያሉት ጋዜጣው ከወጣ በኋላ ማንነቴን አውቀዋል፤ ግን ቀድሞ ሌላ ስም ወጥቶልኛል። «እማማ መነጽር» ነው የሚሉኝ። ጎንበስ ባልኩ ቁጥር መነጽሬ በአፍንጫዬ እየተንሸራተተ ሲያስቸግረኝ ፀጉር አስተካካዩ ከጆሮ እስከ ጆሮ በላስቲክ አሰረልኝ። በመስታወት አየሁት። ዋናተኛ እመስላለሁ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። በግንቦት የከተማው አማተሮች ውድድር አለ። እገባለሁ። የጥርስ ሐኪሙ «ይችላሉ» አላለኝም፤ «ከአሁን እስከ ግንቦት አይቀሩም?» ብቻ ነው ያለኝ። አልቀርም አልኩት። አሳታሚው ከደወለ እህቴ ሥራ ላይ ናት በለው።

እህትህ

ጥር 5

ለእታለም፤

ለገና የላክሽው ካርድ ደርሶናል፣ እግዜር ይስጥልን። ያንን የመሰለ ካርድ ተቀብሎ የሚቆጣ ሰው ክፉ ነው፤ ቢሆንም ተቆጥቻለሁ።

ጋዜጣው ላይ የወጣውን ካርቱን አይቼዋለሁ። ጎባጣ ባልቴት አድርገው ስለውሻል፤ የብዕርሽን ጫፍ እንደ ቢሊያርድ ዱላ በጠመኔ ትቀቢያለሽ። ከሥሩ «ሦስተኛው ቅጽ በመዘጋጀት ላይ» ይላል። የሰፈራችን ፋርማሲስት ሳይቀር አሳየኝና ሳቀ። መድኃኒቱን ተቀብዬ ሳልሰናበተው ወጣሁ።

እታለም፣ ሰው ሲስቅብሽ ማየት አልችልም። መጽሐፉን ሳትጨርሺ ምድር ቤት መዋልሽ ለእኔ ሽሽት ነው የሚመስለኝ። ሽሽት ከሆነ ከምን እንደሆነ ንገሪኝ። አንባቢው ሌላው ቢቀር ይህን ያህል አይገባውም? የመሣሪያው አቧራ አላሳመነኝም፤ በመካከሉ በላክሁልሽ አጭር ደብዳቤም ጠይቄሽ ዘለልሽኝ፤ አሁን ለሦስተኛ ጊዜ እጠይቅሻለሁ፦ ለምን በታይፕ?

ስለ ባለቤቴ የጠየቅሽኝን በሌላ ደብዳቤ እመለስበታለሁ።

ወንድምሽ

ጥር 13

ወንድሜ፤

ካርቱኑን ፀጉር አስተካካዩ ቆርጦ ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ለጥፎታል። አፍንጫዬን አበዙት እንጂ አቋቋሜን በደንብ ነው የያዙት። አልከፋኝም።

የከፋኝ ያንተ «ሽሽት» ነው። እንግዲህ ስማ።

ቀኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ከአምና ጀምሮ ነው። መጀመሪያ ማንኪያ ስይዝ፣ ቀጥሎ ቁልፍ፣ ከዚያ ብዕር። ሐኪሙ መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም ብሎኛል። ይህን ደብዳቤ በግራ እጄ አንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ነው የምጽፍልህ። ሁልጊዜ የምዘገየው ለዚህ ነው። ለነፍስ አልተናገርኩም። ለአሳታሚው አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። ሰው «ምስኪን» ሲለኝ መስማት አልፈልግም።

«ለብዕር ያልሆነ እጅ እንዴት ለቢሊያርድ ሆነ» ትለኛለህ። ዱላውን የምገፋው በግራዬ ነው። ቀኜን ጨርቁ ላይ ዘርግቼ አስተኛዋለሁ፤ ዱላው በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ያልፋል። መዳፌን ተጭኜ ሳሳርፈው ይረጋል። ቀኑን ሙሉ ይህ እጅ ዝም የሚለው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው። ታዲያ ይህ ሽሽት ነው?

መጽሐፉን ካነሳህ ደግሞ፣ እጄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌላ ሰው አስቀምጬ አስጽፈው ነበር። ሞክሬዋለሁ። ያስቀመጥኳት ጸሐፊ ፈጣን ናት፤ ባዶ ወረቀት ፊት ጣቶቿን አዘጋጅታ ትጠብቀኛለች፣ እኔም እሷን አያለሁ። የምላት የለኝም። የእነዚያ ሰዎች ታሪክ በሁለተኛው ቅጽ አልቋል። ሦስተኛው የአሳታሚው ምኞት እንጂ የእኔ ታሪክ አይደለም።

የውድድሩ አዘጋጆች ጠርተውኝ ነበር። ሻይ ጋብዘው፣ «በክብር እንግድነት በቀጥታ ከመጨረሻዎቹ ስምንት እናስገባዎታለን፣ ጋዜጠኞችም ይመጣሉ» አሉኝ። እምቢ አልኩ። እንደማንኛውም ሰው ከማጣሪያው እጀምራለሁ። ከማጣሪያው ከወደቅኩም እንደማንኛውም ሰው ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

ተቆጥቼ ነው የጻፍኩት። እወድሃለሁ።

እህትህ

ጥር 29

ለእታለም፤

ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ይቅርታ ብዬ ልጀምር።

ባለቤቴ በመስከረም ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። ሆዷ ውስጥ ዕጢ ተገኝቶ ነበር። ወጥቷል፤ ግን ሕክምናው አላለቀም፣ እስከ ግንቦት በየጊዜው መድኃኒት ይሰጣታል። ከተሰጣት በኋላ ለብዙ ቀናት ከአልጋ አትነሳም። ከቤት የማያስወጣኝ ይኸው ነው። ብንነግርሽ ሁሉን ጥለሽ እንደምትመጪ እናውቃለን፤ «ለእትዬ ትንፍሽ እንዳትል» ብላ አስምላኝ ነበር።

ያንቺን ደብዳቤ ሳነብላት ስለ እጅሽ የጻፍሽው ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና ራሷ ጨረሰችው። ከዚያ «እሷ ከነገረችን እኛም እንንገራት፤ ወረቀት አምጣ» አለች። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ቃል ነው፣ አንድም አልጨመርኩበትም፦

«እትዬ፣ ጠረጴዛውን ትተሽ እንዳትመጪ። እዚህ የሚያዝንልኝ ሰው ሞልቶኛል፤ ሐዘኔታውን የማደርግበት አጥቻለሁ። ደብዳቤሽ ሲመጣ ግን ቀኑ ያጥርልኛል። የእኔ መድኃኒት በግንቦት ያልቃል፣ ያንቺም ውድድር በግንቦት ነው። እኩል እንጨርስ። ፀጉር አስተካካዩን ካላሸነፍሽው ግን አልታረቅሽም።»

እኔ ደግሞ ለአሳታሚሽ ደውዬ ከእንግዲህ መልእክተኛው እንዳልሆንኩ ነግሬዋለሁ። ስለ እጅሽ አልተነፈስኩም።

ወንድምሽ

የካቲት 16

ለሁለታችሁም፤

ደብዳቤያችሁን ደረጃው ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። እዚያው ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ኮቴን ለብሼ ወረድኩ። ወደ ባቡር ጣቢያ ላቅና ወይስ ወደ ጠረጴዛው እያልኩ እስከ መታጠፊያው ድረስ አልወሰንኩም ነበር። እኩል እንጨርስ የተባለው አሸነፈ።

አንቺን እንግዲህ ልቆጣሽ አልችልም፣ ሕመምተኛ ነሽ። እሱን ግን ስመጣ እቆጣዋለሁ፤ ይዘጋጅ።

ለእናንተ ስል ሰሞኑን የተደረገውን ማጣሪያ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ተጋጣሚዬ ወፍራም የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ከእያንዳንዱ ምት በፊት በጣቱ አየር ላይ መስመር ያሰምራል። ሁሉንም በትክክል አሰመረ፤ ሲመታ ግን እጁ ቸኮለ። አሸነፍኩት። ሁለተኛው አንድ አናጢ ነበር፤ እሱ ደግሞ «ከእናቴ እኩያ ጋር» እያለ አፍሮ ነው የተሸነፈው፤ በዚህ አልኮራም። የጥርስ ሐኪሙ እንኳን ደስ ያለዎት አላለኝም። «በሁለተኛው ጨዋታ ቶሎ ቀና ብለዋል። ዱላው ሥራውን ሳይጨርስ አይነሱ» ነው ያለኝ።

ሌላም አለ። ቀኝ እጄ አሁን ስልክ መያዝ አቅቶታል። በሆነው ልክ እየለመድኩ ነው። ጨርቁ ላይ ግን አሁንም ይታዘዘኛል።

ምግብ ብዪ። ባይጣፍጥሽም ብዪ።

እህታችሁ

መጋቢት 30

ለእታለም፤

ይህች ደብዳቤ አጭር ናት፤ ባለቤቴ ተኝታለች፣ ሳትነሳ ልጨርስ።

ያለፈው ሳምንት ከባድ ነበር። ዶክተሩ አንዱን ዙር እንዝለለው ሲላት «አይዘለልም፣ ቀጠሮ አለኝ» አለችው። ምን ቀጠሮ እንደሆነ ሲጠይቃት የቢሊያርድ ብላ መለሰችለት፤ ሰውየው እኔን አየኝ፣ እኔ ጫማዬን አየሁ። ዙሩ አልተዘለለም።

ለውድድሩ መምጣት አንችልም። ስትጽፊልን ምንም እንዳታስቀሪ፤ ብትሸነፊም ሳታሳምሪ።

ወንድምሽ

ግንቦት 19

ለወንድሜና ለባለቤቱ፤

ሕክምናው ማለቁን የሚናገረው መልእክታችሁ በውድድሩ ዋዜማ ደረሰኝ። አጥፌ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ለቀሪው አልጨነቅም አልኩ፤ ግን ተጨነቅኩ።

ጋዜጣው ቀድሞኝ ደርሷችኋል ብዬ እገምታለሁ። የተባለው ሁሉ ሆኗል። ግን ሳታሳምሪ ስላላችሁኝ እኔም ልጻፈው።

ውድድሩ የተደረገው በአንድ ትልቅ የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ነው። የእኛ ምድር ቤት ሰዎች አንድ ረድፍ ሞልተው ተቀምጠዋል። አሳታሚውም መጥቶ ነበር፣ ከኋላ። የመጀመሪያውን ግጥሚያ አሸነፍኩ። ሁለተኛው ዕጣ ከራሳችን ፀጉር አስተካካይ ጋር ጣለኝ። አንቺ የወንድሜ ሚስት፣ ታርቀናል፤ አሸንፌዋለሁ። ዱላውን አስቀምጦ የመነጽሬን ላስቲክ አጠበቀልኝና «በርቺ እማማ» አለኝ። አንቺ ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር።

ሦስተኛዋ ተጋጣሚዬ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት። ወደ አርባ ይሆናታል፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ንግግሯ ቁጥብ ነው። ሁለት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ነው የሚያልፈው፤ አንድ ለአንድ ሆንን። በመጨረሻው ጨዋታ ሁለታችንም ኳሶቻችንን ልንጨርስ ደርሰን ወደ ጥቁሩ፣ በመጨረሻ ወደሚገባው ኳስ፣ ተጠጋን። ለእሷ አንድ ኳስ ቀርቷታል፤ ለእኔ ጥቁሩ ብቻ። እሱን ካስገባሁ አለቀ።

ቦታው መጥፎ ነበር። ያ የቀራት ኳስ ከነጩ ኋላ ተጠግቶ ቆሟል። መዳፌን ጨርቁ ላይ ማስተኛት አልችልም፤ ዱላውን በኳሱ ላይ አሻግሬ እጄን በጣቶቼ ጫፍ ብቻ ማቆም አለብኝ። የጥርስ ሐኪሙን አየሁት፤ ዓይኑን ወደ ጣሪያ አነሳ። ገብቶታል።

ጣቶቼን አቆምኩ። መንቀጥቀጡ ጀመራቸው። ጠበቅኩ፤ አላቆመም። ከአሁን በኋላ ብቆይ ይብሳል ብዬ መታሁ። በዚያችው ቅጽበት አንድ ፎቶግራፍ አንሺ ካሜራውን አበራው፤ አዳራሹ ቦግ አለ። ጥቁሩ ኳስ እስከ ጉድጓዱ አፍ ሄዶ ቆመ።

ሕዝቡ ፎቶግራፍ አንሺው ላይ ተነሳበት። ዳኛው እጁን አነሳና ወደ እኔ መጣ። «ብርሃን ረብሾዎታል። ተጋጣሚዎ ከተስማሙ ኳሶቹን መልሰን ምቱን ይደግሙታል።» ሾፌሯ ወዲያው «እስማማለሁ፣ ይድገሙት» አለች።

ሁሉም እኔን ያያል። ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ አንድ «እሺ» ብቻ ነበር የሚፈለገው። እጄም ዳግመኛ ይረጋ ይሆናል፣ ማን ያውቃል። ነገር ግን ያ ብርሃን የመጣው ዱላው ነጩን ከነካ በኋላ ነው። እኔ አውቀዋለሁ፤ ነጩም ያኔ መስመሩን ስቶ ነበር።

«ብርሃኑ አይደለም» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ። «እጄ ነው። ይንቀጠቀጣል። ከአምና ጀምሮ ሕመም አለብኝ። ምቱ የእኔ ነው፣ አይደገምም።»

ዳኛው እጁን አወረደ። ሾፌሯ ለአፍታ አየችኝ፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ የቀራትን ኳስ አስገባች፣ ጥቁሩንም ከጉድጓዱ አፍ ወደ ውስጥ ገፋ አደረገችው። ሳታዝንልኝ፣ ሳትቸኩል። ለዚህም አመሰገንኳት።

አሳታሚው መንገዴ ላይ ጠበቀኝ። ፊቱ ወይቧል። «ለምን አልነገሩኝም?» አለኝ።

«አሁን ነገርኩህ። ሌላም ልንገርህ፤ ሦስተኛ ቅጽ የለም። በእጄ ምክንያት አይደለም። ታሪኩ አልቋል።»

«እንግዲህ ለአንባቢው ምን ልበል?» አለ። ይህንኑ በላቸው አልኩት። ሲሄድ እጄን ጨበጠኝ፤ ቀኙን፣ ሲንቀጠቀጥ እንዲሰማው አውቄ ነው የሰጠሁት።

ሐሙስ በባቡር እመጣለሁ። ጣቢያ ድረስ መጥታችሁ እንዳትቸገሩ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ። ለሚቀጥለው ዓመት ውድድር ስሜን ያስመዘገብኩት እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ ኮቴን ሳልለብስ ነው። በጣቶቼ ጫፍ ማቆምን ካልቻልኩበት ሌላ አያያዝ አገኛለሁ፤ የጥርስ ሐኪሙ ለዱላው ድጋፍ የሚሆን ከናስ የተሠራ ነገር አለ ይላል፣ ያስተምረኛል።

ያኔ ከአዳራሹ ልንወጣ ስንል ሾፌሯ ተከትላ መጣች። ዩኒፎርሟን ለብሳለች፣ ወደ ሥራ መግባቷ ነው። ትንሽ አመነታችና «የእርስዎን ስም ዛሬ ከዳኛው ነው የሰማሁት» አለችኝ። «ትምህርት ቤት እያለን መጽሐፍዎን እንድናነብ ታዘን ነበር። እኔ አልጨረስኩትም። ረዘመብኝ።»

«ለእኔም ስጽፈው ረዝሞብኝ ነበር» አልኳት።

ሳቀች፤ ጥሩ ሳቅ አላት። ሰዓቷን አየች፣ ወደ ጠረጴዛው አየች። «አውቶቡሴ እስኪነሳ ጊዜ አለኝ» አለችና ኳሶቹን መደርደር ጀመረች።

እህታችሁ